ለወፍ የሚሆን ጣባ

ወፍ እጸየፋለሁ። አልወድም ማለት ሌላ ነው፤ እኔ እጸየፋለሁ። ያ ቅርፊታም እግሩ፣ ያ የሚያፈጥ ክብ ዓይኑ፣ ያ ሲበላ የሚወራጨው ደረቅ ምላሱ ሆዴን ይገለብጠዋል። ዶሮ እንኳ የምበላው ሌላ ሰው አርዶ፣ ገንጥሎ፣ አጥቦ ሲያቀርብልኝ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት እዚሁ ሶዶ ባልትና ሳስተምር ለተማሪዎቼ፣ ላባ ያለው ነገር ቤት ከገባ እናንተ ውጡ እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። ከኋላዬ ትርፌ ሙልጭ ይሉኝ ነበር። ስሙን ስሰማ እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ሽልማት ነበር የምቀበለው።

እንግዲህ ጌታ ሰውን ሲያስተምር እንዲህ ነው። ሰኔ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ልጄ ቃለሕይወት ከሐዋሳ ድረስ ሁለት ወፍ በሽቦ ቤት አንጠልጥሎ የግቢያችን በር ላይ ቆመ። ልጄን ካየሁት ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ባሌ ደገፉ በነጠላ ጫማው ጭቃውን እየረገጠ ሮጦ አቀፈው። እኔም ሄድኩ። እጄን ጨበጠኝ፤ አልሳመኝም። ግባ ብንለው፣ መኪናው ይጠብቀኛል ብሎ ከበሩ ወዲህ አንድ እርምጃ አልራመድ አለ።

ነገሩን አስረዳን። ሚስቱ ሚርያም ዘጠኝ ወሯ ልትገባ ነው። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ የወፍ ብናኝ ለአራስ ቤት አይሆንም ብሏል። ወፎቹ ላቭበርድ ይባላሉ፤ አረንጓዴ ናቸው። ወንዱ ፊቱ ከመቅላቱ የተነሳ በርበሬ ዳጣ ውስጥ አፉን የነከረ ስለሚመስል ዳጣ ብለውታል፤ ሴቷ ቃሪያ ናት። ጉድ በል ሶዶ። ለሰው የሚበቃ ስም ጠፍቶ አሁን ወፍ ክርስትና ሊነሳ ነው አልኩ በሆዴ። ምን ቆርጦኝ ነው እኔ ወፍ የማሳድገው ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመኝ።

"እማ፣ እነዚህ ፈሪዎች ናቸው። ቤት ከቀየርን ወዲህ በሩን ብንከፍትላቸውም ከሽቦው አይወጡም። አንቺ ቤት ከወጡ መስከረም ላይ ለጊፋታ ልጃችንን ይዘን ሦስታችንም እንመጣለን። ካልወጡ እኔ ብቻዬን መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።"

የልጅ ነገር ብዬ ልስቅ ነበር። ፊቱን ሳየው ሳቄ ጠፋ። የምሩን ነው። ወፍ የፈራው ቤት ሚስቴንና ልጄን አላስገባም ማለቱ ነው። ሊወለድ ያለው ደግሞ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው። ሽቦውን ተቀበልኩት፤ ወዲያው አንዱ እጄ ላይ ኩሱን ለቀቀብኝ።

ለምን እንዲህ እንዳለኝ ልናገረው እንጂ፤ ሸፍኜው የት ልደርስ። ባለፈው ጊፋታ፣ በእኛ በወላይታዎች ዘመን መለወጫ፣ ቃለሕይወት ሚርያምን ሊያስተዋውቀን ይዟት መጥቶ ነበር። ነርስ ናት። ቁመና አላት፣ ሥርዓት አላት፣ እናቷ የላከችልንን ቅቤ በትንሽ ጣባ አድርጋ በሁለት እጇ ነው ያቀረበችልኝ። ከመምጣቷ ሦስት ቀን በፊት ግን ወሬው ደርሶኛል፤ እናቷ ከሻንቶ ወዲያ ሸክላ ሠሪ ናት። ሸክላ ሠሪ ማለት ድሮ በእኛ አገር ምን ማለት እንደነበር የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። አብሯቸው አይበላም፣ በጠጡበት አይጠጣም፣ ጋብቻማ አይነሳም። ዛሬ ይህን አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም። ሁላችን በክርስቶስ አንድ ነን እንላለን፤ እኔ ራሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ኅብረት ፊት ቆሜ እንዲህ ብዬ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ምሳ ሲቀርብ ግን ጾም ጸሎት ላይ ነኝ አልኩና አብሬያት አልቀረብኩም። ሰው ሁሉ ሥጋ በሚቆርጥበት በጊፋታ ቀን ጾም ያዝኩ እላችኋለሁ።

ሲሄዱ ሻይ የጠጣችበትን ኩባያ በፌስታል ይዤ ወደ ጓሮ ቧንቧ ሄድኩና ድንጋዩ ላይ ሰበርኩት። ቀና ስል ሚርያም የጓሮው በር ላይ ቆማለች። ጃንጥላዋን ረስታ ተመልሳ ነው። ስብርባሪውን አየች፣ እጄ ላይ ያለውን ፌስታል አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ጃንጥላዋን ከግድግዳው ሥር አነሳችና ደህና ይዋሉ ብላኝ ሄደች። ጥቅምት ላይ ሐዋሳ ተጋቡ፤ እኔን የጠራኝ የለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእጅስ በምን ይታሻል?

ወፎቹን ሳሎን ውስጥ ከቡፌው አጠገብ አስቀመጥናቸው። ደገፉ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሥራ አጥቶ ሲዞር የነበረ ሰው የተሾመ መሰለው። ከምራቱ ጋር በስልክ ያወራል፤ እኔ አጠገቡ ሽንኩርት እየላጥኩ ጆሮዬን እዘረጋለሁ። ያለችውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል። መስኮቱን ዝጉ፤ የቁም ሳጥኑን መስታወት በነጠላ ሸፍኑ፤ የጎረቤት ድመት እንዳትገባ። ከዚያ የሽቦውን በር ከፍታችሁ ከጎኑ ተቀመጡ። አታፍጥጡባቸው። ዳጉሳ በመዳፋችሁ ይዛችሁ ጠብቁ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። እጃችሁን ግን በፍጹም ወደ ውስጥ አታስገቡ።

እኔ ደግሞ ለወፍ ደብተር የምጽፍ ሴት አይደለሁም። መውጣት ነው አይደል የተፈለገው? አወጣቸዋለሁ አልኩ። በሁለተኛው ቀን ደገፉ ለቅሶ ሲሄድ እጄን በፎጣ ጠቀለልኩና ዳጣን ጨምድጄ ጎተትኩት። ፎጣውን አልፎ አውራ ጣቴን ነከሰኝ። ያችን የምታክል ነገር እንደ ጉጠት ትይዛለች ብዬ አላሰብኩም። ለቀቅኩት፤ መጋረጃው ላይ ተላተመ፣ ከዚያ ከፍሪጁ ጀርባ ገባ። ደገፉ ሲመለስ እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ በመጥረጊያ እንጨት ወፍ ስጎረጉር አገኘኝ።  ፍሪጁን ብቻውን ገፍቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ቀስ ብሎ በባርኔጣው አወጣው።

ከዚያ ቀን ወዲያ እጄን ባዩ ቁጥር ሁለቱም የሽቦው ጥግ ላይ ተለጥፈው ይንቀጠቀጣሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ጓንት ባደርግ ያው፣ እጄን በነጠላ ብሸፍን ያው። ለደገፉ ግን አንዳንዴ ከመዳፉ ዳጉሳ ይለቅማሉ፤ አንገታቸውን ያስረዝሙና ለቅመው ይመለሳሉ እንጂ አይወጡም። እኔ በዚህ በኩል የዳጉሳ ገለባ ከስኳር ዕቃ ውስጥ እለቅማለሁ፣ ላባ ከሻዬ ላይ አነሳለሁ፣ ጠዋት ማታ ያን አረንጓዴና ነጭ የተቀላቀለ ኩስ ከቡፌው ላይ እፍቃለሁ። ሶፋውን በላስቲክ ሸፈንኩት። ሳሎኔ ዶሮ ተራ ዶሮ ተራ መሽተት ጀመረ፤ ሴቶች ኅብረት ለጸሎት ሊመጡ ሲሉ እየዋሸሁ ጸሎቱን ሦስት ጊዜ ወደ ሌላ ሰው ቤት አዛወርኩት።

አንድ ቀን ያየሁትን ግን እስክሞት አልረሳውም። ዳጣ አንገቱን ላይ ታች እያርገበገበ የበላውን ከሆዱ መለሰና በቃሪያ አፍ ውስጥ ጨመረላት። እሷም ዓይኗን ከድና ዋጠችው። ጮኼ ደገፉን ጠራሁት። መነጽሩን አድርጎ አየና፣ እያጎረሳት ነው፣ ፍቅር ነው አለኝ። ኤዲያ፣ ጉርሻማ አይደለም። ከሆድ የወጣ ነገር ጉርሻ ከተባለ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳልጎርስ ብኖር ይሻለኝ ነበር። ሁለት ቀን ገንፎ ማየት አቃተኝ። ደገፉ በዚህ መሳቅ ሲጀምር ሳህኑን ይዤበት ወደ ጓዳ ገባሁ።

ነሐሴ በገባ በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሚርያም ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟን ትዕዛዝ አሏት። ስልኩን ለእኔ አልሰጡኝም፤ እኔም ስጡኝ አላልኩም። ደገፉ ማታ ፎቶዋን አሳየኝ። በነጭ ፎጣ የተጠቀለለች፣ ፊቷ ገና ያልተፈታ ልጅ ናት። አፍንጫዋ የእኔ ነው። እናቴም ይህን አፍንጫ ነበራት፤ ከሺህ ሰው መሀል ባየው አልስተውም። ደገፉ ስልኩን ሊወስድ ሲል ቆይ አልኩት፤ ደግሞ ሊወስድ ሲል ደግሞ ቆይ አልኩት። ያን ቀን ሆዴ ባባብኝ። ልጅቷን ሳላያት ልታድግ ነው አልኩ፤ በሁለት ኩሳም ወፍ ምክንያት፤ በእነሱም ምክንያት አይደለም።

በማግስቱ ወንበሬን ከሽቦው አጠገብ አስጠጋሁ። በሩን ከፈትኩ፣ መስታወቱን ሸፈንኩ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና መዳፌ ላይ ዳጉሳ ይዤ ተቀመጥኩ። ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በየቀኑ። በለሆሳስ አወራቸዋለሁ። ምን እንደምላቸው እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እናንተ ቆሻሾች፣ እናንተ የማትረቡ፣ ውጡ እንጂ ውጡልኝ እላቸዋለሁ፣ ድምፄን ግን እንደ እሹሩሩ አለስልሼ ነው። በሁለት ሳምንቱ መንቀጥቀጡ ቀረ። በሦስት ሳምንቱ ቃሪያ እስከ በሩ መጥታ አንድ እግሯን ደፉ ላይ አድርጋ አየችኝ።  አየችኝና ተመልሳ ገባች። ጳጉሜ ደረሰች፤ ጊፋታ የቀረው ሦስት ሳምንት አይሞላም። እነሱ ደፍ ድረስ መጥተው መመለስ እንጂ ሌላ የለም።

ደገፉ ነው ሲጨንቀው ለሚርያም የደወለው። ስልኩን ከፍ አድርጎ ስለነበር ድምጿን ሰማሁት፤ ከኋላዋ ሕፃኗ ታለቅሳለች። "አባባ፣ ለመውጣት የለመዱት ለመታጠብ ነው" አለችው። "እናቴ የሠራችው ትንሽ ጣባ ነበራቸው፤ ውሃ አድርጌ በሩ ላይ ሳስቀምጥ ራሳቸው ይወጡ ነበር። ቤት ስንቀይር ተሰበረ። ግን እኮ እናቴ ሁለት አንድ ዓይነት ነው የሠራችው። ሌላው እናንተ ጋ ነው፤ ያኔ ቅቤ አድርጌ ያመጣሁበት።"

ደገፉ ደስ ብሎት ስልኩን ዘግቶ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ። ድስቶቹን ሲያንኳኳ ይሰማኛል። ትርፌ የት ነው ያኖርሽው አለኝ።  ሁለተኛ ጠየቀኝ። ሦስተኛ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ያን ቀን ኩባያውን ብቻ አይደለም የሰበርኩት። ቅቤውን ከነጣባው ወስጄ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ነው የጣልኩት። በጊፋታ ሰሞን ቅቤ የሚጥል ሰው እብድ ነው፤ ያች ሴት ስንት ወር ጠብ ጠብ አድርጋ ያጠራቀመችውን ቅቤ እኔ ጣልኩ። ደገፉ የኩባያውን ያውቅ ነበር፤ ይህን አያውቅም።

ቆሞ ቡፌው ላይ ያሉትን ጀበናና ድስቶቼን ተራ በተራ አያቸው። "የምትበይበት ድስት የእነሱ እጅ ሥራ ነው" አለኝ። "አርባ ዓመት በእጃቸው በልተሻል። እጃቸውን ነው የተጸየፍሽው።" ከዚያ ወጥቶ ሄደ፤ እራት አልበላም።  ያን ምሽት ድስቶቼን ሳጥብ እያንዳንዱ የጣት አሻራ ያለበት መሰለኝ፤ አለበትም።

በሻንቶ ገበያ ቀን ማንም ሂጂ ሳይለኝ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዝናቡ ገበያውን ጭቃ አድርጎታል። ሸክላ ሠሪዎች እንደ ጥንቱ ከዳር፣ ከቦዩ አፋፍ ነው የሚቀመጡት፤ ማንም ሂዱ አላላቸውም፣ ኑም አላላቸውም። ድስት አለ፣ እንስራ አለ፣ ምጣድ አለ፤ ትንሽ ጣባ የለም። መጨረሻ ላይ የተቀመጠች፣ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት ጋ ደረስኩ። የተቀቀለ ቦዬ፣ ያን ድንች የመሰለ የአገራችንን ሥር፣ ትበላለች። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል ተረት ነው ብዬ ነበር፤ እውነትም ቦዬዋንና ዳጣዋን በተሰበረ የድስት ገል ላይ ነው ያደረገችው። ጥፍሮቿ ሥር የደረቀ ጭቃ አለ። ዓይኔን ከጥፍሮቿ አነሳሁ።

በወላይትኛ ነው ያወራነው። ይህን የሚያክል ጣባ እፈልጋለሁ ብዬ በእጄ አሳየኋት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለወፍ መታጠቢያ አልኳት። ማኘኳን አቆመች።

ልጄም ለወፎቿ አሠርታኝ ነበር አለች ቀስ ብላ። ሁለት ነው የሠራሁት፤ አንዱ ለወፎቿ፣ አንዱ ለአማቷ። የወፎቹ ተሰብሯል ብላኛለች። የአማቷስ?

 የመጣሁት ሸክላ ልገዛ እንጂ ሰው ፊት ልቆም አልነበረም። እሱም ተሰበረ አልኩ። ወደ ገሏ ጎንበስ አለች። ከዚያ ትልቁን ቦዬ አንስታ ላጠችው፣ ከዳጣው አስነካችና ዘረጋችልኝ። ብይ አለችኝ። ከእጇ እንፋሎት ይወጣል። ልወስደው ፈልጌ ነበር፤ ይህን ጌታ ያውቃል። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። ጾም ጸሎት ላይ ነኝ አልኩ።

"ልጄ ቤትሽ የመጣች ቀንም ጾም ነበርሽ አሉ" አለችኝ። "ብዙ ትጾሚያለሽ።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቦዬውን ራሷ በላችው። አሳየሽ ነው ስሟ፤ የጎን ጎረቤቷ ስትጠራት ሰማሁ። እጇን ጠርጋ ከጀርባዋ ያለውን ገለባ ፈለቀችና ትንሽ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ጥቁር ጣባ አወጣች። ይህን ለልጅ ልጄ ማብያ ብዬ ነበር፤ ለእሷ ሌላ እሠራለሁ፣ ወፎቹ ይታጠቡበት አለች። ዋጋውን ጠየቅኳት፤ ዞራ ጎረቤቷን ማነጋገር ጀመረች። ጣባውንም በእጄ አልሰጠችኝም። እጄን ዘርግቼ ሳለ መሬት ላይ አስቀመጠችውና እጇን ሰበሰበች። እጇ እጄን እንዳይነካኝ ነው፤ ለእኔ ብላ ነው። ጎንበስ ብዬ ከጭቃው ላይ አነሳሁት።

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለት ዶሮ አቅፎ ነበር። አንዱ ቀሚሴ ላይ ኩሱን ጣለ፤ ሰውዬው ደንግጦ ይቅርታ ለመነኝ። ግድ የለም አልኩት፤ እውነትም ግድ አልነበረኝም። ከቦይ አፋፍ እስከ ሶዶ የሚያቅለሸልሸኝ ሌላ ነገር ነው። ጾም ጸሎት። በጌታ ስም ሁለተኛ ዋሸሁ። ቀሚስ ይታጠባል፤ እኔን ማን ያጥበኛል እያልኩ ጣባውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ በአራት ሰዓት ሁለት ጣት የሚሆን ለብ ያለ ውሃ በጣባው አደረግኩና በሩ ፊት አስቀመጥኩት። ደገፉ ከኋላዬ ቆሟል፤ ከዕቃ ቤቱ ቀን ወዲህ የሚያናግረኝ ለሰላምታ ብቻ ነበር። ቃሪያ ደፉ ላይ መጣች። ጣባውን አየች፣ አንገቷን ወዲያ አዘነበለች፣ ወዲህ አዘነበለች። ከዚያ ዘለለችና ጠርዙን ይዛ ቆመች። የሸክላው ሻካራነት ለእግሯ ተመቻት መሰለኝ፤ ውሃ ያደረግኩባቸው የመስታወትና የላስቲክ ሳህኖች ሁሉ ያንሸራትቷቸው ነበር። ጭንቅላቷን ነከረች፣ ክንፏን አራገበች፣ ውሃውን በቡፌው፣ በመጽሐፍ ቅዱሴ፣ በፊቴ ላይ ረጨችው። ዳጣ ከውስጥ ሆኖ ጮኸባት፤ መልስ ሲያጣ ተከትሏት ወጣ። ደገፉ ትከሻዬን ያዘኝ። ፊቴን በነጠላዬ ጠረግኩ፤ የወፍ እጣቢ ውሃ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የሳሎኑ ጌቶች እነሱ ሆኑ። ቃሪያ የመዝሙር ደብተሬን ገጽ እንደ ክር እየሰነጠቀች ጭራዋ ሥር ትሰካውና ይዛው ትበራለች። ዳጣ ትከሻዬ ላይ ተቀምጦ የጆሮ ጉትቻዬን ይነክሳል፤ ሲመቸው ደግሞ በአንገቴ ወደ ጀርባዬ ይለቅብኛል። ወደድኳቸው ብዬ አልዋሽም። አሁንም እጸየፋቸዋለሁ። ግን ሸሚዜን እቀይርና ተመልሼ እቀመጣለሁ። ይህን ተመልሶ መቀመጥ ሰው ለሌላ ሰው ሳያደርግ ስልሳ ዓመት መኖሩ ይገርመኛል።

ጊፋታ ደረሰ። የበርበሬው ዳጣ ተፈጨ፣ ሥጋው ተሰቀለ፣ ቤቱ በሳሙና ታጠበ። የሚርያምን እግር ደፉ ላይ ሳየው ዓይኔን አላመንኩም። አርባ ቀኗ ያለፈ ልጅ አቅፋ ገባች። እንዴት ከረሙ ብላ ጎንበስ አለችልኝ፤ ጉንጯን ሳምኳት፣ ሁለቱንም። ትዕዛዝን ሰጠችኝ። አፍንጫዋ የእኔ ነው፤ አልኳችሁ። ወፎቹ የሚርያምን ድምፅ ሲሰሙ ከመጋረጃው ዘንግ ወርደው ራሷ ላይ አረፉ፤ ቃለሕይወት አፉን ከፍቶ እኔን አየኝ። "እማ፣ ወጡልሽ" አለኝ። ደገፉ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ደብተሩን አምጥቶ አሳየው።

ምሳ ቀረበ። ጾም አልያዝኩም። በአንድ ትሪ በላን፤ የሚርያም እጅና የእኔ እጅ አንድ እንጀራ ቆረሱ። ሁሉ ነገር አለፈ፣ ጌታ ሸፈነልኝ ብዬ ደረቴን ነፋ አደረግኩ። ሻይ አፍልቼ አዲስ የገዛኋቸውን ስድስት ኩባያዎች በትሪ ደርድሬ አመጣሁ። ሚርያም የልጇን ዕቃ የያዘችበትን ቦርሳ ከፈተች። ከሽንት ጨርቁና ከጡጦው መሀል ሰማያዊ የላስቲክ ኩባያ አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

"ለእኔ በዚህ ያድርጉልኝ" አለች። "ሌላ ኩባያ እንዳይባክንብዎት ብዬ ነው።"

ለማሽሟጠጥ አልነበረም። መርፌ ስትወጋ ታማሚው እንዳያመው እንደምትጠነቀቅ ነርስ ነው የተናገረችው፤ ከሐዋሳ ስትነሳ አስባ፣ ለእኔ አዝና፣ ይዛው መጥታለች። ቃለሕይወት ትሪውን ያያል። ደገፉ ደብተሩን ዘጋ። ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሦስት ሳምንት ለወፎች ስለማመደው የነበረ። ተውኩት። በሰማያዊው ኩባያ ሻይ ቀዳሁላት።

ግማሹን ጠጥታ አስቀመጠችው። አነሳሁት። የከንፈሯ ምልክት ጠርዙ ላይ አለ፤ ያንኑ ቦታ ከንፈሬ ላይ አድርጌ የቀረውን ጠጣሁት። እውነቱን ልናገር? ሆዴ ሊገለበጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ስልሳ ዓመት የተማረ ሆድ በአንድ ጊፋታ አይረሳም። ዋጥኩት። እስከ መጨረሻው ጠብታ ዋጥኩትና ኩባያውን ፊቷ አስቀመጥኩ።

ሚርያም ኩባያውን አየችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። ያን አያያዝ አውቀዋለሁ፤ እኔም የማደርገው እንዲሁ ነው። ከንፈሬ የነካበትን ጠርዝ ዙሪያውን ጠረገችው፤ ደግማ ጠረገችው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ይህ ነገር ከወዲያ በኩል ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።  ትዕዛዝ ጭኔ ላይ ተንቀሳቀሰች፤ ዳጣ ከጣባው ጠርዝ ላይ ሆኖ ላባውን ያራግፋል።

ጠርጋ ስትጨርስ ኩባያውን ወደ ቦርሳዋ ትመልሰዋለች ብዬ ነበር። ወደ እኔ ዘረጋችው።

"ይጨምሩልኝ" አለች።

ጨመርኩላት።